የዶርዜና የኮንሶ ተራራማ መንደሮችን መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ደቡብ ተራሮች ለመሄድ የሚያስቡ ወዳጆች፣ የወዳጅ ወዳጆችና ጨርሶ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እነዚህን ጥያቄዎች ያቀርቡልኛል። ሁለቱን አካባቢዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ በየጊዜው የመለስኩትን እነሆ በአንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ።

ዶርዜን ልይ ወይስ ኮንሶን?

ሁለቱንም ይዩ። አርባ ምንጭን መነሻ ካደረጉ ዶርዜ ወደ 30፣ ኮንሶ ደግሞ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። የዶርዜው መንገድ ከከተማዋ በስተሰሜን ወጥቶ የጉጌን ተራሮች እየተጠማዘዘ ወደ ጨንቻ ይወጣል። የኮንሶው በስተደቡብ በጫሞ ሐይቅ በኩል ሜዳውን አቋርጦ ደረቅ ኮረብታዎች ውስጥ ይገባል።

ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው ልዩነታቸውን የሚያስረዳው አይፈልግም። ዶርዜ ብርድ፣ ጉም፣ ቀርከሃና እንሰት ነው፤ ኮንሶ ፀሐይ፣ ድንጋይ፣ ማሽላና ሽፈራው። በዶርዜ እጅ ይፈትላል፣ ይሸምናል፣ ይጎነጉናል፤ በኮንሶ ድንጋይ ይደረድራል። አንድ ቀን ብቻ ያለዎት ከሆነ ግን ኮንሶ ደርሶ ለመመለስ አይጣደፉ፤ ቀኑን በሙሉ ለዶርዜ ይስጡት።

ስንት ቀን ይበቃል?

ምክሬ በዶርዜ አንድ ሌሊት፣ በኮንሶ ሁለት ሌሊት ማደር ነው። ማደሩ ላይ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። አብዛኛው ጎብኚ መንደር የሚገባው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው፣ የሚወጣው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት። በእነዚህ ሰዓታት አዋቂው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ቤት የሚቀሩት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ጎብኚው ባዶ መንደር አይቶ ይመለስና "ቤቶቹ ያምራሉ" ይላል።

በመጀመሪያ ጉዞዬ እኔም ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ይዞን የሄደው ሰው አንዱን የኮንሶ መንደር በ40 ደቂቃ አስጨርሶን ወደ መኪናው መለሰን። በሁለተኛው ጉዞዬ የኮንሶ ከተማ በሆነችው ካራት አድሬ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እዚያው መንደር በር ስደርስ ሴቶች እንስራ አዝለው ሲገቡ፣ ወንዶች መቆፈሪያቸውን በትከሻ ይዘው ሲወጡ፣ በጠባቡ የድንጋይ መተላለፊያ ላይ አንዱ ለሌላው ግድግዳውን ተደግፎ ሲያሳልፍ አየሁ። መተላለፊያው ለምን ያን ያህል እንደጠበበ፣ ሰዎቹስ እንዴት እንደለመዱት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ለመንገድና ለእግር ጉዞ የሚመቹት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ስለሚጥል በዶርዜ ጭቃው፣ በኮንሶ የገጠር መንገዶች ደግሞ ድንገተኛው ጎርፍ ያስቸግራል። ሆኖም የኮንሶን እርከኖች አረንጓዴ ሆነው ማየት የፈለገ ሰው ዝናቡ እንዳባራ ቢሄድ አይቆጭም፤ በበጋ ግራጫ ሆኖ የሚታየው ተራራ በሰብል ተሸፍኖ ሌላ አገር ይመስላል።

አንድ የተለየ ወቅት ልጨምር። ዶርዜ ባለበት በጋሞ ደጋ ትልቁ በዓል መስቀል ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሲሸምኑ የከረሙ የዶርዜ ልጆች ሳይቀሩ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በመስከረም አጋማሽ የሚሄዱ ከሆነ የመኪናውንም የማደሪያውንም ነገር አስቀድመው ይጨርሱ።

ከአዲስ አበባ እንዴት እደርሳለሁ?

በመኪና እስከ አርባ ምንጭ እንደ ያዙት መንገድ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ሙሉ ቀን ይፈጃል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአርባ ምንጭ አውቶቡስ ተራ ወደ ጨንቻም ወደ ካራትም ሚኒባስና አውቶቡስ አለ፤ ጠዋት በጊዜ የደረሰ ሰው ብዙ አይጠብቅም። ካራት የኮንሶ ዋና ከተማ ናት፤ የድንጋይ ግንብ ያላቸው መንደሮች ግን ከእርሷ ውጭ በየኮረብታው ላይ ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ ሞተር ብስክሌት፣ ባጃጅ ወይም የራስ እግር ያስፈልጋል።

የዶርዜን መንገድ ሲወጡ በስተምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ይያዙ። ከፍ እያሉ በሄዱ ቁጥር አባያና ጫሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቀጭን ከፍታ "የእግዜር ድልድይ" የሚባለው ነው። የአባያ ውኃ ቀላ ይላል፤ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ነው።

የአካባቢ አስጎብኚ መያዝ የግድ ነው?

አዎ፣ ባይሆንም እንኳ ይያዙ እል ነበር። በኮንሶ የመግቢያ ክፍያው ካራት በሚገኘው የቱሪዝም መረጃ ማዕከል ተከፍሎ ደረሰኝ ይሰጣል፤ አስጎብኚም የሚመደበው ከዚያው ነው። በዶርዜም የመንደሩ ወጣቶች ተደራጅተው ያስጎበኛሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣ አስጎብኚ የአካባቢውን ተወላጅ አይተካም። የመንደሩ ልጅ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ እንደሆነ፣ የትኛዋ እናት እንግዳ ማስተናገድ እንደምትወድ፣ የትኛው ግቢ በዚያ ቀን እንደማይገባበት ያውቃል። በሩ ላይ ቆሞ በቋንቋቸው ሰላም ሲል የሚመለስለት ሰላምታ እርስዎንም ይጨምራል። ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ዋጋውን፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩና ስንት መንደር እንደሚያዩ ከመነሳትዎ በፊት ይስማሙ፤ ቅሬታ የሚፈጠረው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

በኮንሶ መንደር ውስጥ ምን አያለሁ?

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከ400 ዓመታት በላይ፣ በትውልድ ሲቆጠር 21 ትውልድ የዘለቀ ሥራ መሆኑ ተመስክሮለታል። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ያነበዋል፤ ከመንደሩ ግንብ ሥር ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ግንቡ ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ በደረቅ ድንጋይ ብቻ የተካበ ነው። አንዳንዱ መንደር አንድ ዙር ግንብ ሲኖረው ሌላው እስከ ስድስት ዙር ይደርሳል። መንደሩ ሕዝቡ በበዛ ቁጥር ወደ ውጭ እየሰፋ፣ በሰፋ ቁጥር አዲስ ግንብ እየተካበ ስለሄደ ከመሐል ወደ ዳር ሲራመዱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዘመን እየተራመዱ ነው።

በሩ ጠባብ ነው። ከገቡ በኋላ መተላለፊያው ከግራም ከቀኝም በድንጋይና ከላዩ በእንጨት አጥር የታጠረ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይሄድበት ቦታ ብዙ ነው። ወደ ግቢ የሚያስገባው በር አንዳንድ ቦታ ከወገብ በታች ዝቅ ያለ በመሆኑ ጎንበስ ብሎ፣ አንዳንዴም እጅን መሬት አስነክቶ መግባት ያስፈልጋል። አሠራሩ ለመከላከያ ነው፦ ጠላት ቢመጣ በመጀመሪያ የሚገባው ጭንቅላቱ ነውና የቤቱ ሰው ይቀድመዋል። ዛሬ ያ በር እንግዳን ሁሉ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲገባ ያደርገዋል፤ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። የሳሩ ክዳን ጫፍ ላይ የሸክላ ማሰሮ ተደፍቶ ያገኛሉ፤ ውኃ እንዳያስገባ ጫፉን ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሰጥተው የሚያዩት ሞራ ነው። ሞራ የማኅበረሰቡ አደባባይ ሲሆን አንዳንድ መንደር እስከ 17 ሞራዎች አሉት። በመካከሉ ትልቅ የሳር ክዳን ቤት ይቆማል፤ ምድር ቤቱ ግድግዳ የሌለው መሰብሰቢያ ነው፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት፣ ቀኑ ሲሞቅ ሰው የሚያርፍበት። በላይኛው ክፍል ያላገቡ ወጣቶች ያድራሉ። እሳት ቢነሳ፣ ሰው ሌሊት ቢታመም ወይም ጠላት ቢመጣ መጀመሪያ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። በሞራው ሜዳ ላይ አንድ ክብ ድንጋይ ካዩ ለመቀመጥ አይቸኩሉ፤ ወጣቶች ለአካለ መጠን መድረሳቸውን አንሥተው የሚያሳዩበት ድንጋይ ነው። እንግዳም እንዲሞክር ይጋበዛል። ወገብዎን የሚያምዎት ከሆነ ግብዣውን በምስጋና ይለፉት።

እዚያው አካባቢ በአንድ ላይ የታሰሩ ረጃጅም የጥድ ግንዶች ይታያሉ። ትውልድ ሥልጣን ሲቀበል አንድ ግንድ ይጨመራል። በየስንት ዓመቱ እንደሚተከል ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ የመንደሩ አዛውንት ግን ግንዶቹን እየነኩ "ይህ የአባቴ ነው፣ ይህ የእኛ" ብለው ይቆጥሩልዎታል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር አስተርጓሚ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥን የሚያህል የለም። የቆሙ ድንጋዮችንም እንዲሁ ይጠይቁ፤ ኮንሶዎች ትውልድን ለመዘከር ሐውልተ ድንጋይ የሚያቆሙ፣ ይህን ልማድ እስከ ዘመናችን ካደረሱ ጥቂት ሕዝቦች አንዱ ናቸው።

እርከኖቹን ከመኪና ውስጥ ማየት አይበቃም?

ከሩቅ ውበታቸውን ያያሉ። ሥራቸውን ለማየት ግን ወርደው በመካከላቸው መሄድ አለብዎት። አንዳንዱ የእርከን ግንብ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ግንቡ አፈሩን ይይዛል፣ የዝናቡን ውኃ አቁሞ ያሰርጋል፣ የተረፈውን ደግሞ በተመጠነ መውጫ ወደ ታችኛው እርከን ያወርዳል። ዝናብ አጥሮ በሚመጣበት፣ ሲመጣም በኃይል በሚወርድበት በዚያ ቁልቁለት ላይ ይህ ባይኖር አፈሩ ሁሉ ሸለቆ ገብቶ ነበር። በእርከኑ ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ጥጥ አብረው ይዘራሉ፤ በመካከላቸው ሽፈራው ቆሞ ቅጠሉ በየዕለቱ ለምግብ ይቆረጣል።

አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ አንድ አባትና ልጅ የተደረመሰ ግንብ ሲጠግኑ ቆሜ አየሁ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው ድንጋይ ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ፊቱን ይመርጥለታል፣ ያስቀምጠዋል፤ ካልተመቸው መልሶ ያወጣዋል። የልጁ ሥራ በትልልቆቹ መካከል የሚገቡትን ጠጠሮች ማቀበል ነበር። አባትየው እጁን ሲዘረጋ ልጁ ምን መጠን እንደሚፈለግ ሳይነገረው ያቀብላል። ከመቶዎቹ ዓመታት ይልቅ ያች ትንሽ እጅ ናት እርከኑን ያስረዳችኝ። ስለዚህ በግንቡ ላይ አይውጡ፤ ለፎቶ ብለው የረገጡትን ድንጋይ ነገ የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው።

ዋካ ምንድን ነው? ገዝቼ መውሰድ እችላለሁ?

ዋካ በኮንሶ ለጀግናና ለታላቅ ሰው መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጽ ምስል ነው። ሟቹ በመካከል፣ ሚስቶቹ በአጠገቡ፣ በሕይወቱ ሳለ የገደለው ጠላት ወይም አውሬ ደግሞ በዳር ይቆማሉ። ስለዚህ አንዱን ነጥሎ መውሰድ ከአንድ ቤተሰብ የመቃብር ድንጋይ ከመንቀል አይለይም።

ያ ግን ሲደረግ ኖሯል። ብዙ ዋካዎች ተሰርቀው በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ከአገር ወጥተዋል፤ ዛሬ በመንደሮቹ ውስጥ የቆሙት ጥቂት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። በካራት ያለው ሙዚየም ከዝርፊያ የተረፉትንና የተመለሱትን ይዟል። መንደር ከመሄድዎ በፊት አንድ ሰዓት እዚያ ያሳልፉ፤ ፊታቸውን በቅርብ የሚያዩት እዚያ ነው። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ስለሆነ ማንም በጨርቅ ጠቅልሎ "አሮጌ ነው" ብሎ ቢያመጣልዎ እምቢ ይበሉ። ለመታሰቢያ ተብለው አዲስ የሚቀረጹ ትንንሽ ምስሎች አሉ፤ እነርሱን ከቀራጩ እጅ ገዝተው ደረሰኝ ይያዙ።

የዶርዜ ቤት ለምን ዝሆን ይመስላል?

ከፊት ለፊት ቆመው ሲያዩት ወጣ ያለው የበሩ ክዳን ኩምቢ፣ ከበላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖች ይመስላሉ። የአካባቢው ሰዎች ዱሮ በዚያ ደጋ የነበሩትን ዝሆኖች ለማስታወስ እንደሆነ ይናገራሉ።

የአሠራሩ ነገር ከመልኩ ይልቅ ያስደንቃል። ቤቱ ምሰሶ ተተክሎ ግድግዳ የሚማገርለት ዓይነት አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ከታች እስከ ላይ ተጎንጉኖ ይሠራል። ከዚያ በቀርከሃ ቅርፊት፣ በእንሰት ቅጠልና በሳር ይለበሳል። ውስጡ ሲገቡ መጀመሪያ ጨለማ ነው፤ ዓይንዎ ሲለምድ በአንድ በኩል ከብቶቹ፣ በመካከል ምድጃው፣ ከጀርባ መኝታው ይታያል። ጭሱ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ እግረ መንገዱን ነፍሳቱን ያባርራል። የከብቶቹ ትንፋሽ ሌሊቱን ያሞቃል፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀት ዋጋ አለው።

የቤቱ ጠላት ምስጥ ነው። ከመሬት የሚነካውን ቀርከሃ ምስጥ ሲበላው ባለቤቶቹ የተበላውን ከሥር ቆርጠው ይጥሉታል፣ ቤቱም ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። አዲስ ቤት ረጅም ነው፤ ያረጀው አጭር። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤቶች ካዩ ቁመታቸውን አነጻጽረው የትኛው አባት፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ መገመት ይችላሉ። በደንብ የተያዘ ቤት ለበርካታ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ቦታ መቀየር ቢያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ተሸክሞ ይወስደዋል።

ምን እበላለሁ? ቆጮ ካልለመድኩስ?

በዶርዜ ቆጮ ይቀርብልዎታል፤ ብዙውን ጊዜም አሠራሩን ከመጀመሪያው ያሳዩዎታል። የእንሰቱ ግንድ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተደርጎ በቀርከሃ ይፋቃል። ጭማቂው ይጨመቃል፤ የረጋው ቡላ ነው። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀበራል፣ ይብላላል። ወጥቶ በቢላ ደጋግሞ ከተከተፈ በኋላ በቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። የቀረው ቃጫ ለገመድ ይሆናል፤ የሚጣል የለም።

ለመፋቅ ይሞክሩ ቢሉዎት እሺ ይበሉ። አሥር ጊዜ ከፋቁ በኋላ ክንድዎ የሚነግርዎትን እነዚያ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ያውቁታል።

ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል። ትኩስ እንደሆነ ከዳጣና ከማር ጋር ሲበላ ብዙ ሰው ይወደዋል። ካልለመዱት ትንሽ ቆርሰው በማር ይጀምሩ። በኮንሶ ኩርኩፋ አለ፤ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ተድበልብሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል። ጨቃ የሚባለው የማሽላ ጠላ በቅል ይቀርባል፤ ሞቅ ያለና ወፈር ያለ ነው፤ ሠራተኛ እርሻ ላይ እንደ ምግብም ይጠጣዋል። በዶርዜ አረቄ ሲቀርብ "ዮ! ዮ! ዮ!" ብሎ አብሮ መጮህ ያስደስታቸዋል። የማይጠጣ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቢያመሰግን ማንም አይቀየምም። የሚጾሙ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ።

ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

አስፈቅደው አዎ። አንድ ጊዜ ካሜራዬን ከአንገቴ አንጠልጥዬ በመንደሩ በር ስገባ ጥጥ ትፈትል የነበረች አንዲት አዛውንት እንዝርቷን ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አስጎብኚው ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አስገብቼ "እማማ፣ እንደምን ዋሉ" ብዬ እንድጀምር መከረኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፈታተሉን አሳየችኝ፤ ክሬ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ፣ እርሷም ከልቧ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሣኝ ያለችው ራሷ ናት። ከሁሉም ጉዞዎቼ ያለኝ ምርጥ ፎቶ ያ ነው።

መቃብር፣ የጎሳ መሪዎችን ግቢና በዙሪያው ያለውን የተከበረ የጥድ ደን፣ እንዲሁም የሞራ ሸንጎ ሲካሄድ ያለ ግልጽ ፈቃድ አያንሱ። ለፎቶ ገንዘብ የመክፈሉን ነገር ለአስጎብኚው ይተዉት። ፎቶውን አትመው በሚቀጥለው መንገደኛ ከላኩላቸው ደግሞ ገንዘብ የማይሰጠውን ደስታ ይሰጣሉ።

ልጆች ብር ሲጠይቁኝ ምን ላድርግ?

በጨንቻ መንገድ ጠመዝማዛው ላይ ልጆች መኪና ሲያዩ እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ይወጣሉ፤ "ብር! ብር!"፣ "ሃይላንድ!" ይላሉ፤ ሃይላንድ የሚሉት ባዶውን የውኃ ፕላስቲክ ነው። ልብ ይበላል፤ ግን ከመስኮት ምንም አይወርውሩ። ሳንቲሙን ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ ከኋላ የሚመጣው መኪና አያያቸውም። ከዚያም በላይ መንገድ ላይ የሚገኝ ገንዘብ ልጁን ከክፍል ያስቀረዋል። ለትምህርት መርዳት ከፈለጉ ደብተርና እስክሪብቶውን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ያስረክቡ። ከልጆቹ ጋር ኳስ መጫወት፣ ስማቸውን መጠየቅ፣ በቋንቋቸው እስከ አሥር መቁጠር መማር ግን የሚከለክልዎ የለም።

ሸማና ጋቢ ከየት ልግዛ?

በዶርዜ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከሸማኔው ቤት በቀጥታ ሲገዙ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እያዩ ነው። አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንደፈጀ ይጠይቁ፤ መልሱን ከሰሙ በኋላ ዋጋ ለመስበር አንደበትዎ አይፈታም። በመጠኑ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ከግማሽ በታች መጥራት ግን ስድብ ይሆናል። በእጅ የተፈተለ ድር መሆኑን ለማወቅ በጣትዎ ይዳስሱት፤ የእጅ ፈትል ወጥ አይደለም፣ ወፈርና ቀጠን ይላል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ዶርዜ የሕዝብ ስም ነው፤ ሸማኔን ሁሉ "ዶርዜ" ብሎ መጥራት፣ በተለይ ቃሉን ለማናናቅ መጠቀም፣ እዚያ የሚሰማውን ሰው ያቆስላል።

የገበያ ቀን መቼ ነው?

በዶርዜም በካራትም ሰኞና ሐሙስ ነው። ከቻሉ ጉዞዎን በዚያ ያስሉት። በካራት ገበያ የኮንሶ ሴቶችን ድርብ ቀሚስ፣ የማሽላውን ዓይነት፣ የጥጡን ክምር፣ ከየኮረብታው የሚወርደውን ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ያገኛሉ። ከቀትር በኋላ ይደምቃል።

ጌሰርጊዮን ማየት ያስፈልጋል?

ጊዜ ካለዎት ይዩት። በኮንሶ ውስጥ ጎርፍ የሸረሸረው አሸዋማ መሬት እንደ ረጃጅም ሕንፃ ቆሞ የሚታይበት ገደል ነው፤ በዚህም ምክንያት "ኒውዮርክ" የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። የአካባቢው ተረት የተሰረቀ የጎሳ መሪ ከበሮ እዚያ ተቀብሮ እንደነበርና ምድሪቱ ተቆፍራ እንደተገለጠ ይናገራል። ወደ ማታ ይሂዱ፤ ቀትር ላይ ብርሃኑ ሁሉን ያደበዝዘዋል።

ምን ልያዝ? የትስ አድራለሁ?

ለዶርዜ ወፍራም ሹራብ፣ ለኮንሶ ባርኔጣና በቂ ውኃ፤ ለሁለቱም ተረከዙ የማይንሸራተት ጫማ። አርባ ምንጭም ሆነ ቆላማው አካባቢ ወባ ስላለበት አጎበር ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት አይርሱ። በመንደሮች ውስጥ ባንክ ስለሌለ ዝርዝር ብር ይያዙ። በአርባ ምንጭና በካራት ሆቴሎች አሉ። በዶርዜ በቀርከሃው ቤት ውስጥ ራሱ ማደር ይቻላል፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፤ መጸዳጃው ግን ውጭ ስለሚሆን ባትሪ ያስፈልግዎታል።

አረጋውያን ወላጆቼን ወይም ትንንሽ ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ዶርዜ ይመቻቸዋል፤ መኪናው መንደሩ ድረስ ይገባል፣ ብዙ መራመድም የለም። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ከአርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ተነስቶ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲወጣ ሊደክመው ስለሚችል ሽቅቡን ቀስ ብለው ያሽከርክሩ። በኮንሶ የድንጋይ ደረጃውና ዝቅተኛው በር ለጉልበት ሕመምተኛ ይከብዳል፤ እናትዎን ሞራው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቢያስቀምጧቸው ከእርስዎ ይልቅ ብዙ ነገር ሰምተው ይጠብቁዎታል።

በሄድኩበት ቀን ሐዘን ቢኖርስ?

ጉብኝቱ ይቆማል። ቀብር ላይ መገኘት ከተፈቀደልዎ ካሜራ ደብቀው፣ ከኋላ ቆመው፣ አስጎብኚው የሚያደርገውን እያደረጉ ይቆዩ። ካልሆነ ወደ ሌላ መንደር ያልፋሉ።

ጸጥታው እንዴት ነው?

በኮንሶና በአጎራባቾቹ ባለፉት ዓመታት ግጭቶች ተከስተው ብዙ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት፣ እንደገናም አርባ ምንጭ ሲደርሱ የዞኑን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይጠይቁ፤ ሾፌሮችንም ይጠይቁ፣ የመንገዱን ወሬ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። "ዛሬ አትሂዱ" ከተባሉ አይከራከሩ። በሌሊት አይጓዙ።

በጋሞ ደጋ ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች የሸንጎ አደባባይ አለ፤ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን ተራምዶ ማለፍ በዚያ ባህል የማይደፈር ነገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ዶርዜ ሲደርሱ አስጎብኚዎን ዱቡሻውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ሲያዩት ሜዳ ነው፤ ጥቂት ድንጋይ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ሳር።